ከባድ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ጀምረን ለምን አይዘልቅልንም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላና ከእንጅባራ የደወላችሁ አድማጮች የጠየቃችሁን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ የጀመርነውን ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዴት እንዝለቅበት? አንድ የስፖርት አሠልጣኝና አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጋራ የሰጡትን መልስ እነሆ።

ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ከስልኬ ላይ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ እየተከተልሁ እሠራለሁ። ዝላይ፣ በርፒ (ቁጭ ብሎ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ተመልሶ መዝለል)፣ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ሁሉም ያለ ዕረፍት። በማግስቱ ሰውነቴ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል። በሦስተኛው ቀን አቆማለሁ፤ ሁለት ወር ቆይቼ ደግሞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ቁርጠኝነት ነው የጎደለኝ?»

የጎደለህ ቁርጠኝነት አይደለም፤ መጠኑ ነው የበዛብህ። ቪዲዮው የተዘጋጀው ወራት ለሠራ ሰው ነው፣ አንተ ግን በመጀመሪያ ቀንህ ሙሉውን ወሰድኸው። ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲይዝ ውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ቁጭ ስትል ጭንህ፣ ከዝላይ ስታርፍ ባትህ፣ በፑሽ አፕ ወደ መሬት ስትወርድ ደረትህ እንዲህ ያለ ሥራ ነው የሚሠራው። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረዱ የከበደህም ጭንህ እየተለጠጠ የሚሸከምህ በመውረድ ላይ ስለሆነ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስማ። ያው ጡንቻ ያንኑ ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ መከላከያ ለሳምንታት ይቆያል። ለማግኘትም መሰባበር አያስፈልግም፤ ጥቂት ድግግሞሽ ይበቃል። አንተ ግን ሁለት ወር ስትጠፋ መከላከያው ይጠፋና ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ሕመም ብቻ ትቀምሳለህ። ስለዚህ ጥንካሬህን በአንዱ ቀን ላይ አትጨርሰው፤ ለሳምንታቱ አቆየው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሥራ። አምስት ደቂቃ በቦታህ እየተራመድህ፣ ትከሻህንና ዳሌህን እያዞርህ ሰውነትህን አሟሙቅ። ከዚያ መደብ ወይም ወንበር ነክተህ የምትነሳበት ቁጭ ብድግ 8 ጊዜ፤ እጅህን መደብ ላይ አድርገህ ፑሽ አፕ 6 ጊዜ፤ በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን ወደ ላይ ማንሳት 10 ጊዜ፤ ጎንበስ ብለህ በ5 ሊትር ጀሪካን ክርንህን ወደ ኋላ መሳብ በየእጁ 8 ጊዜ፤ በመጨረሻ ፕላንክ፣ ማለትም በክርንህና በእግር ጣቶችህ ተደግፈህ ሰውነትህን ቀጥ አድርገህ መቆየት፣ 15 ሰከንድ። በእያንዳንዱ መካከል አንድ ደቂቃ ዕረፍ፤ ሁለት ዙር ብቻ ሥራ። ማሟሟቂያው ተጨምሮ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እያንዳንዱን ስታቆም «ሌላ ሦስት እችል ነበር» ማለት መቻል አለብህ። ሲጀመር ሥራው የሚያንስ ይመስልሃል፤ ልክ የሆነውም እንዲሁ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ዙር ጨምር። በአምስተኛው ድግግሞሹን ወደ 12 አድርስ። በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር አትጨምር፤ ያመመህ ጊዜ የትኛው እንደጎዳህ አታውቅም። ዝላይና በርፒ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ይመጣሉ፤ መጀመሪያም ያለ ዝላይ፣ እግርህን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየወሰድህ ነው።

ሥራው እንዲዘልቅ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰረው፤ ለምሳሌ ጠዋት ፊትህን እንደታጠብህ። ሁለተኛ፣ ለክፉ ቀን አስቀድመህ ዝቅተኛ ልክ ወስን፦ ፈተና ያለብህ ወይም እንቅልፍ ያጣህ ዕለት አንድ ዙር ብቻ። እሱም ሙሉ ቀን ሆኖ ደብተርህ ላይ ይጻፍ። ቀኑን፣ ዙሩንና ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው መሻሻሉን በዓይኑ ያያል፤ በስሜት ብቻ የሚመዝን ግን አንድ ደካማ ቀን ሲገጥመው ሁሉም ከንቱ ሆኖ ይታየዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከከባድ ሥራ በኋላ ሕመሙ ከልክ ያለፈ ከሆነ፣ ጡንቻው ካበጠና ሽንትህ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ግን በተለይ ሳይለምድ በመጀመሪያ ቀን ራሱን ያስጨነቀ ሰው ላይ ይታያል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የባንክ ሠራተኛ፦ «አንድ ፑሽ አፕ እንኳ አልችልም። ቁጭ ብድግ ስሠራ ደግሞ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ተስፋ ልቁረጥ?»

በፍጹም አትቁረጪ። መሬት ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ የሰውነትሽን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ እጅሽ ላይ ያሳርፋል። 60 ኪሎ ከሆንሽ ወደ 40 ኪሎ መግፋት ነው፤ ለጀማሪ ቀላል አይደለም። እጅሽ ያረፈበት ቦታ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በግድግዳ ጀምሪ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ፣ ከዚያ መደብ፣ በመጨረሻ መሬት። በአንዱ ከፍታ ሳትጣመሚ ሁለት ዙር አሥራ አምስት አሥራ አምስት ስትሠሪ ወደሚቀጥለው ውረጂ። በጉልበት ተንበርክኮ መሥራቱም ነውር የለበትም፤ እኛ ግን መደቡን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ብሎ መቆምን ከመጀመሪያው ያስተምራል። መዳፎችሽ ከትከሻሽ ትንሽ ሰፋ ይበሉ፤ ክርንሽ ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደ መስቀል አይሁን፤ ወደ ኋላ ሰያፍ ይሂድ። ወደ ታች ስትወርጂ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። ወገብሽ መስመጥ ሲጀምር ዙሩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው ለወገብሽ ጉዳት ነው።

ወደ ጉልበትሽ እንምጣ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ተረከዝ ከመሬት መነሳቱ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ መግባቱ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ መሠራቱ ነው። መጀመሪያ መቀመጫሽን ወደ ኋላ ላኪ፣ ተረከዝሽን አትልቀቂ፣ ጉልበትሽ ወደ መሐል ጣቶችሽ አቅጣጫ ይመልከት። ካመመሽ መቀመጫው ላይ ጋቢ ወይም ትራስ አጥፈሽ ከፍ አድርጊውና ሕመም እስከማይሰማሽ ድረስ ብቻ ውረጂ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረግሽ ሂጂ። «ጉልበት ከጣት አይለፍ» የሚባለውን እንደ ሕግ አትያዢው፤ ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ላይ ማለፉ አይቀርም። ከአሥር ብትመዝኚው ሦስት ያህል የሚሆን፣ በማግስቱ ጠዋት የሚጠፋ ሕመም ያሠራሻል። ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳሽ ግን አቁሚና ለሐኪም ታዪ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ አድማጭ፦ «ከባሕር ዳር ከተዛወርሁ ጀምሮ ያንኑ ስሠራ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ዕረፍትህን ከአንድ ደቂቃ ወደ ሁለት አሳድግ። መለኪያህ ንግግር ይሁን፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መጨረስ ካቃተህ ቀነስ አድርግ። በዕረፍት ላይ እያለህም የሚያጥርህ ከሆነ ግን ጉዳዩ የከፍታ ላይሆን ስለሚችል ተመርመር።

ከሞጣ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦ «ሁዳዴ ሲገባ ሁሉም ነገር ይቋረጥብኛል። እስከ 9 ሰዓት ጿሚ ሰው መቼ ይሥራ? ያለ ሥጋና እንቁላልስ ጡንቻ ይገነባል?»

ለ55 ቀን ሁሉን ነገር ከማቆም ሥራውን መቀነስ ይሻላል። ሦስት ዙር ትሠራ ከነበረ ሁለት አድርግ፤ ዝላዩን ተወው፤ የሳምንቱን ቀን ግን ሦስት እንደሆነ አቆይ። የሚስማማ ጊዜ ሁለት አለ። አንዱ ጾምህን ከመፍታትህ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሠርተህ እንደጨረስህ ትበላለህ፣ ትጠጣለህ። ሌላው ከበላህ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ግድም ነው። ለጀማሪ ሁለተኛውን እንመክራለን። ጠዋት ሠርቶ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ግን ለማንም አይሆንም፤ የፈሰሰውን ላብ የሚተካ ነገር የለም። ካዞረህ ወዲያው ቁጭ በል፣ ያን ቀን አትቀጥል። ስኳር በሽታ ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አስቀድመው ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ።

ስለ ምግቡ አትስጋ። ምስር፣ አተር፣ ሽምብራና ባቄላ በደረቁ በ100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አላቸው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ጡንቻ ለሚያሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.2 ግራም ያህል ይበቃዋል። ለ60 ኪሎ ሰው 72 ግራም መሆኑ ነው። ሽሮ በእንጀራ መብላት የቆየ ጥበብ ነው፤ ጥራጥሬው የሚጎድለውን እህሉ፣ እህሉ የሚጎድለውን ጥራጥሬው ይሞላል። ስህተቱ ያለው እንጀራው በዝቶ ወጡ ለመንካት ያህል ብቻ ሲሆን ነው፤ ወጡን አብዛው። ከሥራ በፊት ጉልበት የሚሰጥ ነገር ከፈለግህ በሶ በውኃ በጥብጠህ ጠጣ። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቀው፤ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል።

ከፍኖተ ሰላም፣ የአራት ልጆች እናት፦ «ውኃ እቀዳለሁ፣ አቦካለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ። እኔ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?»

እናታችን፣ የሚሠሩት ሁሉ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የቤት ሥራና የእግር መንገድም በዚያ ውስጥ ናቸው። እርስዎ ይህን ያልፉታል። መመሪያው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም ይጨምራል። የቤት ሥራ አብዛኛው ጎንበስ የሚያሰኝ ነው፤ ስለዚህ ለእርስዎ የሚጠቅመው ጀርባን የሚያቀናው ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ዳሌ ማንሳት 10 ጊዜ፣ ጀሪካን ወደ ኋላ መሳብ በየእጁ 8 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፤ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ውኃ ሲሸከሙም አንድ 20 ሊትር በአንድ እጅ ከሚያንጠለጥሉ ሁለት አሥር ሊትር በሁለቱም እጅ ቢይዙ ወገብዎ አይጣመምም።

ከዳንግላ፣ ወጣት፦ «ቦርጬን ለማጥፋት በቀን 200 ጊዜ ሆዴን አጥፌ እነሳለሁ። ለምን አይጠፋም?»

የሆድ ሥራ ከቆዳው በታች ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ስቡን ግን ለይቶ ከዚያ ቦታ አያነሳም። ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት፣ የምትበላው ከምታወጣው ሲያንስ ነው። 200ውን ወደ 20 ቀንስና የተረፈውን ጊዜ ለቁጭ ብድግና ለፈጣን እርምጃ አውለው። ጠላውንም ቁጠረው።

ከባሕር ዳር፣ በኪራይ ቤት የሚኖር፦ «ስዘል አከራዬ ይቆጣሉ። ዕቃም የለኝም።»

ዝላይ ለአንተም ገና አያስፈልግህም። በሲሚንቶ ወለል ላይ ባዶ እግር መዝለል ቅልጥምን ያሳምማል፤ ወፍራም ፍራሽ ላይ መዝለል ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል። በምትኩ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ መደብ ወይም ደረጃ ላይ ሙሉ እግርህን እያሳረፍህ 30 ሰከንድ ውጣና ውረድ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍ፣ ስምንት ጊዜ ድገም። ልብህ እንደ ዝላዩ ይመታል፣ አከራይህም አይሰሙም።

ዕቃውስ አለህ። ጀሪካን ትክክለኛ ሚዛን ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ጭማሪህን በሊትር ትለካለህ። እጀታው እንዳይቆርጥህ ጨርቅ ጠቅልልበት። ብስክሌት በበዛበት ባሕር ዳር ደግሞ ጠጋኞች ዘንድ አሮጌ ከመነዳሪ አይጠፋም። ቫልቩ ያለበትን ቁረጠውና ጣለው፣ ቀሪውን እጠበው፣ እየለጠጥህ ስንጥቅ እንዳለው እይ፤ የተሰነጠቀ ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል። የማይነቃነቅ ምሰሶ ላይ በወገብህ ከፍታ አዙረህ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ወደ እምብርትህ ሳብ፣ ክርንህን ከጎንህ ሳታርቅ አንድ ሰከንድ ያዝ፣ ቀስ ብለህ መልስ፤ 12 ጊዜ። የበር እጀታ ላይ አትሰረው። ፑሽ አፕ ብቻ የሚሠራ ሰው ትከሻው ወደ ፊት ሊጎብጥ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ መግፋት አንድ መሳብ ይኑርህ።

ከእንጅባራ፣ የ54 ዓመት አባት፦ «የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር ሥራ ይለኛል። ይሆናል?»

አባታችን፣ ይሆናል፤ እንዲያውም ግፊቱን ለማውረድ ይረዳል። መጀመሪያ ግን ይለኩ። 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያይዎት አይጀምሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ለመጀመሪያው ወር በሳምንት አምስት ቀን 20 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ከልጅዎ ጋር ደግሞ ሁለት ቀን የግድግዳ ፑሽ አፕና ከወንበር መነሳት፣ አንድ ዙር ብቻ ይሥሩ። ትንፋሽዎን ይዘው አይግፉ፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ሲነሱና ሲገፉ ያውጡ፣ ሲወርዱ ያስገቡ። ፕላንክና ግድግዳ ተደግፎ፣ ጉልበት አጥፎ ቁጭ እንዳሉ መቆየትን የመሰለ ረጅም መጨነቅ ለጊዜው ይተዉት። ከግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚያቀዘቅዙ ምት ቆጥረው አይመኑ፤ እየሠሩ ማውራት መቻልዎን ይዩ። ሲጨርሱ ድንገት አይቁሙ፤ አምስት ደቂቃ ዝግ ብለው ይራመዱ። ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድዎ ወይም መንጋጋዎ ከሄደ፣ ወይም ራስዎን ሊስቱ ከመሰለዎት ወዲያው አቁመው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ።