ሞተሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ አጥንቱ!

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ኪስ የማይጎዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር እየተመራ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን፣ እንነድፋለን። ከዚያ በፊት ግን እስክሪብቶ አንሱ። አንሱ እንጂ፣ የምሬን ነው። የኋላ ጫፉን ብቻ ይዛችሁ ስማችሁን ጻፉ።

አያችሁ? ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። አሁን ወደ ቀለሙ ጠጋ ብላችሁ ያዙት። ያው እጅ፣ ያው እስክሪብቶ፣ ጽሑፉ ግን ሌላ! እጃችሁ ሞተሩ ነው፤ እስክሪብቶው መቁረጫው ነው። ወረቀቱን ደግሞ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጭናችሁ ፍሬሙ ነው፣ የማሽኑ አጥንት። ይህችን ምሳሌ እንዴት እንደምወዳት!

ጉዱ እዚህ ጋ ነው፦ የመቁረጫው ከመያዣው የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ በዚያው ግፊት መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል። 8! 40 ሚሊሜትር ያወጣችሁትን መቁረጫ 20 ላይ ያዙት፤ በነፃ ነው። ሰብስክራይብ ማድረግም በነፃ ነው፣ በነገራችን ላይ።

ማሽኑ አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ ሞተሩ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልገው እናስላ፣ ቶሎ እንለፈው። ስቴፐሩ፣ ማለትም በእርምጃ እየተቆጠረ የሚዞረው ሞተር፣ በዙር 200 እርምጃ፤ ማይክሮስቴፕ 8፣ ማለትም እያንዳንዱ እርምጃ ለ8 ይከፈላል፤ የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚቀይረው ስክሩ በዙር 5 ሚሊሜትር፤ 200 በ8 ሲባዛ 1600፣ 1600 ለ5 ሲካፈል 320 እርምጃ በሚሊሜትር። ሞተሮቹን ለማዘዝ ግርብል የሚባለው ፕሮግራም የተጫነበት አርዱዪኖ ኡኖ፣ ትንሿ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ይበቃዋል። አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄ። «ሲቆርጥ ይንጫጫል፣ ትልቅ ሞተር ልግጠምለት?» ኧረ በናታችሁ! ስንቴ ተጻፈልኝ መሰላችሁ። አልፈርድም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ባለ 42 ሚሊሜትሩን ሞተር ነቅዬ ባለ 57ቱን ሰካሁ። ጩኸቱ ያው፣ ገንዘቤ ብቻ ሄደ። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ስፒንድሉ ላይ (መቁረጫውን የሚያዞረው ክፍል ላይ) አስደግፌ፣ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። መርፌው 0.2 ሚሊሜትር ሄደ። በአውራ ጣት! በ320 እርምጃ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ፣ 64ቱን በአንድ ጣት በላኋቸው። ለካስ ስፒንድሉን የተሸከመውን አምድ ከመሠረቱ ጋር የያዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ትልቅ ሞተር ልል ነገርን አያጠብቅም፤ አጥብቆ ይገፋዋል እንጂ።

ስለዚህ ከሞተሩ የተረፈውን ብር ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳና ከሥሩ የተደገፈ ሬል (ተንቀሳቃሹ ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ላይ አፍስሱት። ጫፍና ጫፉ ብቻ የተያዘ ክብ ዘንግ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ለእንጨት ካልሆነ አልመክርም። አምዱን አሳጥሩት። ተጨማሪ ቁመት «ይጠቅመኝ ይሆናል» ብላችሁ አትተዉ፣ አይጠቅማችሁም።

ዲያል ጌጅ ያላችሁ አሁኑኑ ተነሡና ስፒንድላችሁን ግፉት። ቁጥሩን ጻፉልኝ፤ ከ0.2 የባሰ ካለ የሚቀጥለው ቪዲዮ የእሱን ማሽን መፍታት ነው።