የፖስታ ሳጥኖቹ ግድግዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ስለ አሮጌው ፖስታ ቤታችን ባለፈው ክፍል ተናግሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ ዛሬም እመለስበታለሁ። ስለታሰበው የሕንፃው እድሳት የሚነሳው ወሬ ሁሉ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቆርቆሮ ክዳኑና ስለ በረንዳው ምሰሶዎች ነው፤ በአዳራሹ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስለሞሉት የፖስታ ሳጥኖች ግን ትንፍሽ ያለ ሰው አልሰማሁም።

 አንድ ቀን በዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ገቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈትተው ትንሽ ቁልፍ አወጡ፣ ወደ ታችኛው ረድፍ ጎንበስ ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ባዶ እንደሆነ እኔም ከቆምኩበት አየሁት። እሳቸው ግን ወዲያው አልዘጉትም፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ወለሉን፣ ከዚያም ጎንና ጎኑን፣ መጨረሻ ላይ የኋላውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቆልፈው ቁልፉን መልሰው ቋጠሩና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ መኪናው ዛሬ ገብቷል?» አሉኝ። «አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው ነገ ነው» ብለው ወጡ። በድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ያ መዳፍ የኋላውን ግድግዳ ሲነካ ደጋግሞ ይታየኛል።

የፖስታ ታሪካችን ሲነገር የሚጀመረው ከላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አገልግሎቱን በመጋቢት 1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚጓዘው በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ተሰክቶ፣ በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለው አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ከፍ ያለው ሦስቱ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። ከቀደምቶቹ የፖስታ ማኅተሞች መካከል የሐረርና የእንጦጦ ይገኙባቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ስለነበር፣ እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ከድንበር አያሻግርም ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። በአንድ ፖስታ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ የሁለት መንግሥታት ቴምብሮች! እንዲህ ያለውን ፖስታ በእጄ ይዤ ባየው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ብቻ ይህ ሁሉ የእኚያን እናት መዳፍ አይነካውም። በሌላ አገር ፖስተኛው እስከ ደጃፍ ስለሚሄድ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ደብዳቤው እዚያው ይቆምና ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል። አድራሻችን ቤታችን ሳይሆን የፖስታ ሳጥን ቁጥራችን ነበር፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ፖ.ሣ.ቁ. ተጽፎ እናገኛለን። ሳጥን የሌለው ሰው በዘመዱ፣ ተማሪ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሳጥን በኩል ይጻፍለት ስለነበር፣ ከአንዲት ጠባብ የብረት በር ኋላ ስንት ቤተሰብ ይጠብቅ እንደነበር ማሰብ ነው። «ከናፍቆትህ በስተቀር እኔ በጣም ደኅና ነኝ» የሚለው ሰላምታ ያረፈው በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሕንፃው ታሪክ ይጻፍ ከተባለ ከምሰሶዎቹ ይልቅ ከዚህ ግድግዳ ቢጀመር እመርጣለሁ።

እርግጥ ነው፣ ሠራተኞቹ ቦታ ጠቧቸዋል። ጥቅሉ በየቀኑ እየበዛ ሲሄድ ደብዳቤው ግን ቀንሷል፤ አብዛኞቹ ሳጥኖች ከተከፈቱ ዘመን የላቸውም። ግድግዳው ፈርሶ ለጥቅል መቀበያ ይሁን የሚለውን ሰው ተሳስተሃል ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ሳጥኖቹ ሙዚየም ይግቡ የሚልም አለ፤ እኔም ለጥቂት ቀናት ይህን ሐሳብ ወድጄው ነበር። ሆኖም ሙዚየም የገባ ሳጥን ለማየት እንጂ በቁልፍ ተከፍቶ ለመዳሰስ አይሆንም። ምናልባት አንድ ረድፍ ብቻ ከነቁልፉ በቦታው ቢቀር... እሱም ቢሆን የሚመረጠው ለዓይን የሚቀርበው የመካከለኛው ረድፍ ይሆናል፤ የእማማ ሳጥን ደግሞ ከታች ነው፤ ባለቤቶቹንስ ማን ጠይቆ ነው ይሄ የሚወሰነው፣ ወይስ...