ተራራው ከደሎ መና ይጀምራል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

እንኳን በሰላም ተገናኘን። የዓመቱን ጉዞዎች ባጭሩ እንድቃኝ ነበር የተጠየቅሁት። ይቅርታ ይደረግልኝና አንዱ ላይ እቆማለሁ።

ከባሌ ቆላ ከደሎ መና ተነስተን፣ የሐረናን ጫካ አቋርጠን የባሌ ተራሮች ጫፍ ቱሉ ዲምቱ የወጣን እስቲ እጃችንን እናውጣ። ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ የጫካ ቡናው፣ ቀጥሎ ዝግባው፣ ከዚያ ቀርከሃው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ያዘን። መሪያችን፣ የሪራ መንደር ሰው፣ አንድ ያረጀ ኮሶ ስር አስጠለለን። ሲያባራ ብንወጣ ገላጣው ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ኮሶው ስር ግን አሁንም ይዘንባል! ጉም ገብቶ ቅርንጫፉ ላይ የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት አርሶታል። መሪያችን ኩባያዬን ተቀበለኝና ከአንዱ ዘለላ ጫፍ ስር ያዘው። ማንም አልተናገረም። ጠብታው ብቻ ይሰማል። ግማሽ ሲደርስ መለሰልኝና «ወልመል ይሄ ነው» አለኝ። ጠጣሁት፤ ቅጠል ቅጠል ይላል። ቆላው ከብቱን የሚያጠጣበት ወንዝ ኩባያዬ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ለመጪው ዓመት የቀረበልን ዕቅድ ምን ይላል? ከጎባ በመኪና ሰነቴ አምባ፣ ከሰነቴ በመኪና ቱሉ ዲምቱ፣ ፎቶ፣ መልስ። ሐረና «ጊዜ ስለሚወስድ» ተሰርዟል።

ጊዜ ስለሚወስድ! 4,377 ሜትር ላይ ከመኪና መውረድ ተራራ መውጣት ነው እንዴ? ይህ ማኅበር የተቋቋመው በእግሩ ለሚሄድ ሰው አይደለም? ከመካከላችሁ በ1992 ዓ.ም. ተማሪ ሳላችሁ የባሌን እሳት ልታጠፉ የሄዳችሁ አላችሁ። እርጥብ ቅጠል ይዛችሁ እሳቱን የተጋፈጣችሁት ለዚህ ጫካ አልነበረም? በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ፎቶ ለጠፍን። ቀይ ቀበሮና ጅብራ። ከጫካው አንድ እንኳ አልነበረም። የተመዘገበው እኮ ሐረናም ጭምር ነው! እኛ የምናውቀው ሰዎች ከዘለልነው፣ ማን ሊያየው ነው?

ሌላ ሁለት ነገር አለኝ። የመሪዎች አበል ከጉዞው በፊት ይከፈል። ለማገዶ እርጥብ አስታ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ አብሮን አይሂድ።

በመኪና የሚሄድ ከጎባ ይሂድ፣ አልከለክልም። እኔ ከደሎ መና እነሳለሁ። ከሪራው መሪያችን ጋር በስልክ ተነጋግረናል፣ «ኑ» ብሏል። መዝገቡን በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የምትመጡ ስማችሁን ጻፉ፤ ኩባያ አትርሱ።