በመጋዝ ለሁለት የተከፈለችው መኪና

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ስትገቡ በር ላይ የቆመችውን አረንጓዴ መኪና ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ኮፈኗ ላይ አስደግፋችሁ ፎቶ ስታነሱ ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይቺ እስካሁን ትሄዳለች?» አሉኝ። ትሄዳለች እማማ። ከቤቴ እዚህ ድረስ በገዛ ጎማዋ ነው የመጣችው። ዳገት ላይ ትንሽ ታማርራለች እንጂ ትሄዳለች።

አዘጋጆቹ ስለ እሷ እንዳወራ 10 ደቂቃ ሰጥተውኛል። መካኒክን ስለ መኪናው 10 ደቂቃ ብቻ አውራ ማለት ግፍ ነው። ለማንኛውም ልሞክር። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስሟ ሞሪስ ማይነር ነው። የኔዋ የ1958 ናት። የትውልድ ቦታዋ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ኦክስፎርድ፣ ካውሊ ነው። አንዳንዶቻችሁ በየቀኑ በአውቶቡስ የምታልፉበት ሰፈር ማለት ነው።

እንግሊዝ ጦርነቱን በ1945 አሸንፋ ወጣች፤ ኪሷ ግን ባዶ ነበር። ዳቦ ሳይቀር በራሽን ሆነ። ቤንዚን እስከ 1950 ድረስ በኩፖን ነበር የሚቀዳው። መንግሥት ብረት የሚያድለው መኪናውን ውጭ አገር ሸጦ ዶላር ለሚያመጣ ፋብሪካ ነው። «ወደ ውጭ ላክ፣ አለዚያ ሙት» ይባል ነበር። ስለዚህ የአገሩ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ወረፋ ይጠብቃል። አዲሱ መኪና በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚያ ችጋር መካከል ነው 1948 የመጣው። በሚያዝያ ላንድሮቨር ወጣ። ላንድሮቨርን ለናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በጥቅምት ደግሞ ለንደን፣ ኧርልስ ኮርት ትልቅ የመኪና ትርኢት ተከፈተ። ሕዝቡ የተጋፋው ጃጓር ኤክስኬ 120ን ለማየት ነበር። 120 የተባለው በሰዓት 120 ማይል ይሮጣል ተብሎ ነው፤ በኛ ወደ 193 ኪሎሜትር። እውነትም ውብ ነው። ግን ማን ይገዛዋል? በዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ድቡልቡል ያለች፣ መብራቶቿ ዝቅ ብለው ፍርግርጉ ውስጥ የተቀመጡ ትንሽ መኪና ቆማለች። ዋጋዋ ከነቀረጡ 358 ፓውንድ ከምናምን። ይቺን ነው አስተማሪውም ነርሷም የተመኟት።

የሠራት ሰው አሌክ ኢሲጎኒስ ይባላል። የዚህን ሰው ታሪክ ትንሽ ብቆይበት አትፍረዱብኝ፤ እዚህ የተሰበሰብነውን ሰዎች የሚነካ ነገር አለበት። የተወለደው በ1906 ሰምርኔስ ከተማ ነው፤ ዛሬ ኢዝሚር የምትባለው የቱርክ ወደብ። አባቱ የግሪክ ዘር ያለው የእንግሊዝ ዜጋ፣ እናቱ ጀርመናዊት ናቸው። በ1922 ከተማዋ በጦርነት ስትታመስ ቤተሰቡ ያለውን ጥሎ በመርከብ ወደ ማልታ ወጣ። አባትየው እዚያው ማልታ ላይ ሞቱ። እናትና ልጅ ብቻቸውን እንግሊዝ ገቡ። ልጁ ለንደን ውስጥ ምህንድስና ሊማር ገባና በሒሳብ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስት ጊዜ! እዚህ ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ ባትነግሩ ይሻላል። እጁ ግን ለሥዕል የተፈጠረ ነበር። መኪናዋን ከበሩ እጀታ ጀምሮ በገዛ እጁ እየሣለ ነው ያወጣት። ትንሽ ቡድን ነበር፤ ሥዕሉን ወደ ሥራ የሚለውጡለት ጃክ ዳንኤልስና ሬግ ጆብ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ነበሩት።

የፋብሪካው ባለቤት ሎርድ ናፊልድ ናቸው። ዊልያም ሞሪስ የሚባሉት ማለት ነው፤ እዚሁ ኦክስፎርድ ብስክሌት ከመጠገን ተነሥተው ትልቅ ሀብታም የሆኑ ሰው። ናሙናውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ያለ ቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል» ብለው ሰደቧት። አሮጌውን ሞዴል ማምረት ይበቃናል ባይ ነበሩ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ የነገራቸው ሀበሻ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 1947 ሊያልቅ ነው። ሥዕሉ አልቋል። ናሙናው ተሠርቷል። ለአንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ ማውጫው ተዘጋጅቷል። ፓራውልቱ፣ የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያው ማለት ነው፣ መመረት ጀምሯል። ኢሲጎኒስ መኪናዋን እየዞረ ያያታል፤ አንድ ነገር ቅር ብሎታል። ጠባብ ናት። ቀጭን ሆና ረዝማበታለች። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሠራተኞቹን ጠርቶ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለሁለት አስቆረጣት። በመሃሏ። ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ትንሽ ማራቅ፣ ቆም ብሎ ማየት፣ መልሶ ማቀራረብ፣ እንደገና ማራቅ። ዓይኑ «አሁን!» ያለው በመካከላቸው 4 ኢንች ክፍተት ሲሆን ነው። 10 ሴንቲሜትር። በቃ፣ እዚያ ላይ ተወሰነ።

እኔ በሥራዬ ስንት ዕቃ አይቻለሁ፤ ሠሪው እንዳላማረ እያወቀ «በቃ ይሂድ» ብሎ የለቀቀው። እኔም ራሴ ብዬ አውቃለሁ። ይሄ ሰው ግን አላለም። አለቃው መኪናዋን አይወዳትም፣ ጊዜው አልቋል፣ ገንዘቡ ወጥቷል። እሱ መጋዝ ያዘ።

ማስረጃውን ዛሬ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ስትወጡ ኮፈኗን ተመልከቱ። መሃሉ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። እጃችሁን ብታሳርፉበት ይታወቃችኋል። ያ ነው 4 ኢንቿ። ቀድመው የተሠሩት ፓራውልቶች ደግሞ አልተጣሉም። ብረት በልመና በሚገኝበት ዘመን ማን ይጥላል? መሃላቸው ተቆርጦ 4 ኢንች ቁራጭ ገባባቸው። የመጀመሪያዎቹ ማይነሮች ላይ ቅጥያው ይታያል። አሮጌ ቀሚስ ላይ ቅዳጅ ጨርቅ እንደመቀጠል።

መስፋቷ ለመልክ ብቻ አልጠቀማትም። መንገድ ላይ ደልደል ብላ ትቆማለች። ኩርባ ላይ መሪዋን ስታዞሩት ወዲያው እሺ ትላለች። በዚያ ዘመን ርካሽ መኪና እንዲህ አይታዘዝም ነበር።

ሞተሯን በአጭሩ ልለፈው። ኢሲጎኒስ አዲስ ሞተር ፈልጎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ከጦርነቱ በፊት የነበረ 918 ሲሲ ሞተር ተሰጠው። በ1952 ሞሪስና ኦስቲን ሲቀላቀሉ የኦስቲን 803 ሲሲ ገባ፤ እሱ ዳገት ላይ ያስለቅሳል። በ1956 የመጣው 948 ሲሲ ነው መኪናዋን ሰው ያደረጋት። የኔዋ እሱ ነው ያላት። በ1962 ደግሞ 1098 ሆነ።

ድክመቷን ካልነገርኳችሁ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ላሜራዋን ዝገት ይወዳል። ከዚያ የባሰው የፊት እግሯ ነው። ጎማውን ከታች የያዘው ጥርስ ያለው ማጠፊያ በየጊዜው ግሪስ ይፈልጋል። ግሪስ ካላገኘ ጥርሱ ይበላል፤ አንድ ቀን ይወልቃል። እኔ ይህን ለደንበኛ ሁሉ ስሰብክ ኖሬያለሁ። የራሴን ረስቼ። አንድ ቅዳሜ ወደ በራፌ ልታጠፍ ስል «ገጭ» አለ። የግራ ጎማው እንደ ደከመው ግመል ተንበረከከ፤ ፓራፋንጎው፣ የጎማው ጭቃ መከላከያ ማለት ነው፣ መሬት ነካ። ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በትሕትና «አንተ መካኒክ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

እንዲህም ሆና እንግሊዝ ውስጥ 1 ሚሊዮን የተመረተች የመጀመሪያዋ መኪና ሆነች። ይህ የሆነው በ1960 መጨረሻ ነው። ለማስታወሻ 350 መኪኖች ፈዛዛ ሐምራዊ ተቀብተው ወንበራቸው በነጭ ቆዳ ተሠራ። በጠቅላላው ወደ 1.6 ሚሊዮን ተሠርታለች። የመጨረሻዎቹ የወጡት በ1971 ነው። በየመንደሩ የምትዞር አዋላጅ ነርስ በእሷ ነበር የምትሄደው። ፖሊስም ሰማያዊና ነጭ አድርጎ ነድቷታል። ፖስታ ቤት የመጀመሪያዎቹን የዕቃ መኪኖች ሲያዝ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማ ይሠራልኝ ብሎ ነበር። ሾፌሮቹ መጋጨት ያበዙ ነበር መሰለኝ።

ኋላዋ የእንጨት የሆነውን ዓይነትም አይታችሁ ይሆናል። ትራቬለር ይባላል፤ ከ1953 ጀምሮ ነው የተሠራው። ብዙ ሰው እንጨቱ ለጌጥ ይመስለዋል። አይደለም፤ የኋላውን አካል ያቆመው እሱ ነው። ዓመታዊ ምርመራው ግዴታ በነበረበት ጊዜ ከበሰበሰ አታልፍም ነበር። ጋራዣችን አንዷ ስትመጣ አናጢ ፈልገን አምጥተናል። አንድ ጊዜ መስኮቱ ሥር ሻጋታ ብቻ ሳይሆን ለምለም የዛፍ ሽበት በቅሎ አገኘሁ፤ ሊታጨድ የደረሰ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልውረድ። እኛ የአዲስ አበባ መካኒኮች የጋራዥ ቋንቋችን ጣልያንኛ ነው። ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ እያልን ነው ያደግነው። ፍሬቻ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። ዘመናዊ መኪና ላይ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብቻ ነው። የኔዋ ላይ ግን የእውነት ቀስት ነው። ከበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ውስጥ ብርቱካንማ መብራት ያለው ትንሽ ክንድ ብድግ ብሎ ይወጣል። እስከ 1961 እንዲህ ነበር የሚሠሩት።

ልጆች፣ ከምሳ በኋላ ተራ በተራ ትሞክሩታላችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ ከፊት፣ ከኮፈኗ ሥር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ አትደንግጡ፣ የቤንዚን ፓምፑ ነው። ማስነሻውን ግን አትጎትቱ፣ እሱ የኔ ሥራ ነው። በግራ በኩል ያለው ፍሬቻ አንዳንዴ ተጣብቆ እምቢ ይላል። ያኔ ምሰሶውን ከውስጥ በመዳፋችሁ መታ አድርጉት። ቀስ ብላችሁ።