«በግምት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብሩክ፦ ቅድም ማይኩ ሳይከፈት ምን እያልሽ ነበር?

ሀና፦ ዜና ላይ የሰማሁትን ነዋ። «በግምት 1,247 ሰዎች» አለ። አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰባት ላይ የቆመ ሰው ምኑን ገመተ?

ብሩክ፦ (ሳቅ) ፈርቶ ነዋ! ስምንተኛው ብቅ ቢልስ?

ሀና፦ እሱን ነው የምልህ፤ ቃሏን መሸሸጊያ አደረግናት። ለእኔ ግምት መነሻ አለው። ደመናውን አይቼ «ይዘንባል ብዬ እገምታለሁ» እላለሁ። ምንም ሳላይ ከሆነ «ይመስለኛል» ይበቃኛል።

ብሩክ፦ እዚህ ላይ እንኳ አልስማማም። ወሬ ላይ ማን ይለያቸዋል? እኔ ራሴ አልለይም።

ሀና፦ አንተማ «ገደማ»ንና «ያህል»ንም አትለይም።

ብሩክ፦ ኧረ እሱንስ እለያለሁ! «ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ» ካልኩሽ የመጣበትን ሰዓት ነው የነገርኩሽ። «ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩት» ካልኩ ግን ስንት እንደተገተርኩ ነው።

ሀና፦ ጎሽ! «የሚጠጋ»ስ?

ብሩክ፦ አልሞላም ማለት ነው። መቶ አምስት ሆኖ ሳለ «መቶ የሚጠጋ» አይባልም።

ሀና፦ «በግምት ወደ መቶ ገደማ የሚጠጉ» የሚሉም አሉ እኮ። አራት ጊዜ ማመንታት!

ብሩክ፦ ቆይ ግን፣ ቃሉ የቁጥር ብቻ አይደለም። «ለእሷ ትልቅ ግምት አለኝ» ስል ምን ቆጠርኩ?

ሀና፦ መዘንካት። ንብረት ገማችም እኮ ቤቱን አይቶ፣ ለክቶ ነው ዋጋ የሚያወጣለት። ለሰው ግምት መስጠትም ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

ብሩክ፦ «አይመስለኝም» ወይስ «አልገምትም»?

ሀና፦ (ሳቅ) ያዝከኝ!

ብሩክ፦ እኔን የሚገርመኝ የሕጉ ነው። «የሕግ ግምት» ሲሉ ጭራሽ «ምናልባት» ማለታቸው አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ውሰጂ። ልጅ በጋብቻ ውስጥ ከተፀነሰ ወይም ከተወለደ አባቱ ባልየው ነው። አይደለሁም የሚል ካለ የመካድ ክስ አቅርቦ ያፍርሰው።

ሀና፦ እስኪፈርስ ድረስ ልጁ አባት አለው ማለት ነው።

ብሩክ፦ አለው፤ ያውም ሙሉ አባት። «አባት ገደማ» የሚባል ነገር የለም።

ሀና፦ (ሳቅ) እንግዲያው የዜናው ሰውዬም ይቁረጥ። ቆጥሮ ከሆነ 1,247 ይበል፤ ካልቆጠረ ደግሞ «1,200 ያህል» ቢለኝ አልቀየመውም።