ሮም ከግሪክ ምን ወሰደች? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ስለ ጥንቷ ሮም ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎች አሉ። በጥድፊያ ያለፍኳቸውም አሉ። እነሱን እዚህ ላፍታታቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ጊዜው ወደ እኛ እየቀረበ ነው።

ከሀዋሳ የደወለ ወንድማችን፦ «ሮማውያን የግሪክን ባህል የወረሱት ግሪክን በጦር አሸንፈው ከገዙ በኋላ ነው አይደል?»

ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ለዚህ ተጠያቂው ገጣሚው ሆራስ ይመስለኛል። «የተማረከችው ግሪክ ያልተገራውን ድል አድራጊ መልሳ ማረከችው» ብሎ ጻፈ። አባባሉ ያምራል። ችግሩ ነገሩ ሁሉ ከድሉ በኋላ የመጣ ማስመሰሉ ነው።

ግሪኮች ጣሊያን የገቡት ሮም ገና ትንሽ መንደር ሳለች ነው። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደቡብ ጣሊያንና በሲሲሊ ከተማ እየቆረቆሩ ኖረዋል። ኩማይ፣ ታሬንተምና ሲራኩስ የእነሱ ከተሞች ነበሩ። ዛሬ ኔፕልስ የምንላትም የእነሱ ናት፤ ከሮም ብትርቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሮማዊ ግሪክ ለማየት ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። ነጋዴው፣ ሸክላ ሠሪውና መርከበኛው እዚያው ደጁ ላይ ነበሩ። በሰሜን በኩል ያሉት ኤትሩስካውያንም ከግሪኮች ያገኙትን ወደ ሮም ያሻግሩ ነበር።

ሮም ቆሮንቶስን አቃጥላ ዋናዋን ግሪክ ጠቅልላ የያዘችው በ146 ነው። ያኔ ሁለቱ ሕዝቦች ከ500 ዓመት በላይ ተዋውቀዋል።

ድሉ ያመጣው ለውጥ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ብዛቱ ነው። በ212 የሮሙ ጄኔራል ማርሴለስ ሲራኩስን ሲይዝ ሐውልቱንና ሥዕሉን አስጭኖ ወደ ሮም ወሰደ። በ146 ደግሞ ቆሮንቶስን የዘረፈው ሙሚየስ የሚባል አዛዥ ነበር። የታላላቅ ቀራጮችንና ሠዓሊዎችን ሥራ ሲያስጭን አጓጓዦቹን «አንዱ ቢጠፋባችሁ በአዲስ ትተካላችሁ» ብሎ አስጠነቀቃቸው ይባላል። ሰውዬው ጎበዝ ወታደር ነበር፤ ጥበብ ላይ ግን ገና ነበር።

ከባሕር ዳር የደወሉ መምህር፦ «ላቲን ከግሪክ የተወለደ ቋንቋ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

አይደለም፣ መምህር። ሁለቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። የጋራ አያት አላቸው፤ አንዱ ከሌላው አልተወለደም። «አባት» በሁለቱም ፓቴር መሆኑ የመጣው ከዚያ አያት ነው፤ መዋዋስ አይደለም።

ፊደሉ ግን የግሪክ ነው። ኤትሩስካውያን ከግሪኮች ወሰዱት፣ ሮማውያን ከኤትሩስካውያን። መንገዱ ጠባሳውን ትቷል። ኤትሩስካውያን «ገ» እና «ከ»ን በድምፅ አይለዩም ነበር። የግሪኩ ጋማ በእነሱ እጅ አልፎ ሮም ሲደርስ «ሲ» የምንለው ፊደል ሆነ፣ «ከ» ተብሎም ይነበብ ጀመር። ሮማውያን «ገ» ሲቸግራቸው በ3ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው «ሲ» ላይ ጭረት ጨምረው «ጂ»ን ሠሩ። ጋይየስ የሚለውን ስም ሲያሳጥሩ ግን እስከ መጨረሻው በ«ሲ» ነው የጻፉት። ልማድ አይለቅማ! የእንግሊዝኛ ፊደል ሲቆጠር «ዋይ»ና «ዜድ» ለምን መጨረሻ ላይ እንደሆኑ ተማሪዎችዎ ከጠየቁዎትም መልሱ እዚሁ ነው፤ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ቃላትን በትክክል ለመጻፍ ሲባል ከጫፍ የተቀጠሉ ናቸው።

ስለ ቃላቱ ስናወራ ሁሉም ሰው ፍልስፍና ነው ትዝ የሚለው። ቀድመው የገቡት ግን የሥራና የኑሮ ቃላት ናቸው። የወይራ ዘይት፣ የመርከብ መልሕቅና መታጠቢያ ቤት በላቲን ከግሪክ የተገኙ ስሞች አሏቸው። ማሽንም እንደዚያው፤ ማኪና ብለው የወሰዱት ከደቡብ ጣሊያን ግሪኮች አነጋገር ነው። የሐሳብ ቃላት የመጡት ዘግይተው ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮማዊው ተናጋሪና ጸሐፊ ሲሴሮ የግሪክን ፍልስፍና በላቲን ሊጽፍ ሲቀመጥ ቃል አጠረው። አንዳንዱን ራሱ ፈጠረ። አውሮፓውያን ዛሬም ስለ «ጥራት» እና ስለ «ሞራል» ሲያወሩ እሱ ግሪክኛውን እያየ በሠራቸው ቃላት ነው።

ሥነ ጽሑፋቸውም የተጀመረው በግሪክ እጅ ነው። ሊቪየስ አንድሮኒከስ የታሬንተም ግሪክ ነበር። በምርኮ መጥቶ ነፃ የወጣ ሰው እንደነበር ይነገራል። በ240 ሮም ውስጥ በላቲን ተውኔት አሳየ። የሆሜርን ኦዲሲም ወደ ላቲን መለሰ፤ መጽሐፉ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን የሮም ልጆች መማሪያ ሆኖ ቆየ። ሆራስም በልጅነቱ በአስተማሪ አርጩሜ እየተገረፈ እንደተማረው ጽፏል።

በመጨረሻ የተማረ ሮማዊ ሁሉ ባለ ሁለት ቋንቋ ሆነ። ቄሳር ሲወጋ «አንተም ብሩተስ?» አለ የሚባለው በላቲን የሚጠቀሰው አነጋገር ከዘመናት በኋላ ከመድረክ የመጣ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሱኢቶኒየስ እንደሚለው ቄሳር አንዴ ከማቃሰት በቀር ምንም አልተነፈሰም። ተናገረ የሚሉ ሰዎች ግን አሉ ይላል፤ እነሱ እንዳሉት የተናገረው በግሪክኛ ነው፦ «አንተም፣ ልጄ?»

በውትድርና ያገለገሉ አባት ከአዳማ፦ «የሮም ጦር ከግሪክ የተኮረጀ ነው ወይስ የራሱ?»

አባቴ፣ ይህን ጥያቄ በአየር ላይ በሁለት ደቂቃ ማለፌ ቆጭቶኛል። አጀማመሩ የግሪክ ነው። የጥንቱ የሮም እግረኛ ክብ ጋሻና ጦር ይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በአንድ ግድግዳ ይዋጋ ነበር። ሜዳ ላይ ይሠራል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሳምናውያን ከሚባሉት የጣሊያን ተራሮች ሰዎች ጋር ተራራ ላይ መዋጋት መጣ፤ ያ ግድግዳ ገደልና ጥሻ ውስጥ ይፈርሳል። ሮማውያን ቀስ በቀስ ጦሩን በመቶ ሃያ ሰው ገደማ ከፋፈሉት። በየክፍሉ መካከል ክፍት ቦታ ተዉ። በሦስት ረድፍ አቆሙት፤ ፊት ያለው ሲደክም ኋላ ያለው ይተካዋል።

አዲሱ አሰላለፍ ከግሪኩ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው በ280 ነው። ታሬንተም በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ያለችውን የኤጲሮስን ንጉሥ ፒሩስን ጠራች። 25,000 ያህል ሠራዊትና 20 ዝሆን ይዞ መጣ። የሮምን ሰፈር አሻግሮ አይቶ «የእነዚህ አረመኔዎች ሥርዓት የአረመኔ አይመስልም» አለ ይላል ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ። ሁለት ጊዜ አሸነፈ፣ ግን ምርጥ ሰዎቹ አለቁበት። «አንድ ጊዜ ደግመን እንደዚህ ካሸነፍን ጠፋን» ያለው ያኔ ነው። በ275 ተሸንፎ ሄደ።

ትልቁ ፈተና ግን ፋላንክስ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ የመቄዶንያ ሰልፍ ነበር። የአንዱ ወታደር ጦር እስከ 6 ሜትር ይረዝማል። ከፊት ረድፍ ቀድሞ አምስት የጦር ጫፍ ይወጣል፤ ማለትም አንድ ሮማዊ ባለ ሰይፍ ከፊቱ አሥር የጦር ጫፍ ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ሮማውያን ተራርቀው ስለሚቆሙ ለአንድ ሮማዊ ሁለት መቄዶንያዊ ይደርሰዋል። ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ነው። ፊት ለፊት ይህን የሚቋቋም የለም ብሎም ጽፏል።

እንዴት ተሸነፈ ታዲያ? የ197ቱን የኪኖስኬፋላይ ውጊያ ይመልከቱ። ቦታው ኮረብታ ነው፤ ጠዋት ጉም ነበር። የመቄዶንያው ንጉሥ የፊሊጶስ 5ኛ ቀኝ ክንፍ ሮማውያንን ቁልቁል እየገፋ ነው። ግራው ግን ገና አልተሰለፈም። የሮሙ ጄኔራል ፍላሚኒነስ ፈጥኖ እዚያ ላይ ዘመተና በተነው። ከዚያ ስሙ እንኳ ያልተመዘገበ አንድ መኮንን በራሱ ውሳኔ ሃያ ክፍል ይዞ ዞረ። እያሸነፈ የነበረውን ክንፍ ከኋላው ገባበት። ያን ረጅም ጦር ይዞ መዞር አይቻልም። መቄዶንያውያን ጦራቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው አነሱ። በእነሱ ዘንድ እጅ ሰጠን ማለት ነው። ሮማውያን ምልክቱን አላወቁትም፤ ፍላሚኒነስ ነገሩ ሲገባው ሊያስቆም ቢሞክርም የፊተኞቹ አብዛኛውን ገደሉት። በዚያ ቀን 8,000 መቄዶንያዊ ሞተ ይላል ፖሊቢየስ።

በ168 ፒድና ላይ ያው ነገር ተደገመ። ፋላንክሱ ወደፊት ሲገፋ መሬቱ ጎርባጣ ሆነበትና ሰልፉ ተሰነጠቀ። ሮማውያን በየስንጥቁ ገቡ። ድል ያደረገው ኤሚሊየስ ፓውሉስ ግን ከዚያ ሰልፍ የሚያስፈራ ነገር በዕድሜው አላየሁም እያለ ሲያወራ ኖረ።

ስለዚህ በእግረኛ ውጊያ ሮም ያሸነፈችው ከግሪክ የተማረችውን ጥላ ነው ማለት ይቻላል። በባሕርና በከበባ ግን ሌላ ነው። በ264 የሰሜን አፍሪካዋን ካርቴጅ ለመውጋት ወደ ሲሲሊ ስትሻገር የተሳፈረችባቸው መርከቦች ከታሬንተም፣ ከኔፕልስና ከመሰሎቻቸው የግሪክ ከተሞች በውሰት የመጡ ነበሩ። ድንጋይና ቀስት የሚወረውሩት የከበባ መሣሪያዎችም ግሪክ ሠራሽ ናቸው። ባሊስታም ካታፑልታም የግሪክ ስም ናቸው።

ከመገናኛ የደወለች እህታችን፦ «ባህላችን ተበረዘ ያለ ሮማዊ አልነበረም?»

ነበረ እንጂ! ዋናው የሮም ፖለቲከኛ የነበረው ሽማግሌው ካቶ ነው። ልጁን «የግሪክ ሐኪሞች እኛን በመድኃኒት ሊጨርሱን ተማምለዋል» ብሎ አስጠንቅቆታል። በሐኪም የሚያማርረው እሱ ብቻ አልነበረም። በ219 አርካጋቶስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ሮም መጣ። ዜግነት ተሰጠው፣ በመንግሥት ገንዘብ የሕክምና ቤት ተገዛለት። መጀመሪያ ሕዝቡ ወደደው። መቁረጥና መተኮስ ሲያበዛ ግን «ሰቃዩ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

በ161 የሮም ምክር ቤት ፈላስፎችንና የንግግር መምህራንን ከከተማው አስወጣ። በ155 ደግሞ አቴና ሦስት ፈላስፎችን በመልእክተኛነት ላከች። አንዱ ካርኔያዲስ ነበር። አንድ ቀን ስለ ፍትሕ ጥቅም ተናግሮ አዳራሹን አስደመመ። በማግሥቱ ተነሥቶ የትናንቱን ራሱ አፈራረሰው። ወጣቱ አበደለት። ካቶ ጉዳያቸው ቶሎ አልቆ ወደ አገራቸው ይመለሱ ብሎ ምክር ቤቱን ወተወተ።

እኔን የሚያስቀኝ ካቶ ራሱ ግሪክኛ ማወቁ ነው። አቴና ሄዶ ንግግር ያደረገው ግን ሆን ብሎ በአስተርጓሚ ነው። አልቢነስ የሚባል ሮማዊ ታሪክ በግሪክኛ ጽፎ መግቢያው ላይ ለቋንቋዬ ስህተት ይቅርታ ብሎ ሲጠይቅም ካቶ አልማረውም፤ ማን አስገድዶህ ጻፍክ ብሎ ተሳለቀበት።

ተቃውሞው ብዙ አልገፋም፤ መምህራኑ ቤት ውስጥ ነበሩና። ከፒድና ድል በኋላ ፓውሉስ ከተሸነፈው የመቄዶንያ ንጉሥ ሀብት የልጆቹ እንዲሆን የፈቀደው መጻሕፍቱን ነው። አንድ ሺህ ያህል የግሪክ ታላላቅ ሰዎች በመያዣነት ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ፖሊቢየስ አንዱ ነው። የፓውሉስ ልጅ የሲፒዮ አማካሪና ወዳጅ ሆነ። ሮም ሃምሳ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዓለምን እንዴት እንደያዘች የጻፈውም እሱ ነው፤ በግሪክኛ።

ከደሴ በጽሑፍ የደረሰን፦ «ዜውስና ጁፒተር አንድ ናቸው?»

ሥራቸው አንድ ነው፣ ስማቸውም ከአንድ ጥንታዊ ሥር ነው። ታሪካቸውን ግን ሮማውያን በብዛት ከግሪክ ወሰዱ። አፖሎን ስሙን እንኳ ሳይለውጡ ነው የተቀበሉት፤ ወረርሽኝ ሲገባባቸው ስእለት ገብተው በ431 ቤተ መቅደስ ሠሩለት።

ከዋሽንግተን የደወሉ እናት፦ «ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው በግሪክኛ ነው ይባላል። የሮም ሰው ላቲን እያለው ለምን?»

እናቴ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። መልእክቱ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ57 ገደማ፣ ከቆሮንቶስ እንደሆነ ይታመናል። ሙሚየስ ያቃጠላት ቆሮንቶስ ማለት ነው፤ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 እንደገና አስቆርቁሯታል። ጸሐፊው «እኔ ጤርጥዮስ» ብሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ስሙ የላቲን ነው። የላቲን ስም ያለው ሰው ወደ ሮም በግሪክኛ ይጽፋል! ያኔ በሮም የነበሩት ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ከምሥራቅ የመጡ ነበሩ። የከተማዋም ሕዝብ ያንን ቋንቋ ለምዶታል። ገጣሚው ጁቬናል በኋላ «ግሪክ የሆነችን ሮም መታገስ አልቻልኩም» ብሎ የሚያማርረው ለዚህ ነው።

ግሪክኛ በለመዱት የምሥራቅ ግዛቶቿማ ሮም ላቲኗን አልጫነችም። ከግብጽ እስከ ሶርያ ገዢዎቿ በግሪክኛ ይሠሩ ነበር። ቀይ ባሕር ላይም የንግዱ ቋንቋ እሱ ነበር። እኛን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲማቸውን በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፣ በሮም ግዛት ገበያ እንዲታወቅ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛናም ድሉን በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ነው በድንጋይ ያስቀረጸው። የግዕዝ ቁጥሮቻችንም የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው። ፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ ነው። ዳዊት ካለዎት የምዕራፉን ቁጥር አንድ ጊዜ ልብ ብለው ይዩት።