የወርቅ ሱሪ ያልደረሰው ኳርተርባክ

ሚሚ፦ ቡናው ተቀድቷል፣ ማይኩ በርቷል፣ አቡሽም ያንን ቀይ ማልያ ለብሶ ከተፍ ብሏል። ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነን።

አቡሽ፦ ቀይ አይደለም፣ ስካርሌት ነው የሚባለው።

ሚሚ፦ ቀይ ነው። ደግሞም አልታጠበም።

አቡሽ፦ ዋንጫ ሲበሉ ለብሼው ነበር። እንዴት ይታጠባል?

ሚሚ፦ ሰማችሁ? እንዲህ ዓይነት ወንድም ነው የተፈረደብኝ። በሉ፣ ዛሬ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው የምናወራው። እኔ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። አቡሽ ደግሞ እዚሁ ስላደገ ይመልሳል። መነሻችን አንድ ሰውዬ ነው። ጃንዋሪ 2025 ላይ፣ ያ የኮሌጅ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ እንዳለቀ፣ በቀጥታ ስርጭት ሳግ የተናነቀው ኮሜንታተር።

አቡሽ፦ ከርክ ኸርብስትሪት። ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ሰው ነው። ከ1996 ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ኮሌጅ ጌምዴይ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ይቀመጣል። ትልልቆቹን ጨዋታዎችም ከክሪስ ፋውለር ጋር ያስተላልፋል። ከዚያ በፊት ግን የዚሁ የእኛ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦሃዮ ስቴት ኳርተርባክ ነበር። ኳርተርባክ ማለት ኳሱ መጀመሪያ እጁ የሚገባው ልጅ ነው። ማን ጋ ይጣል፣ ማን ይዞት ይሩጥ የሚለው ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ሲሸነፉም መጀመሪያ የሚሰደበው እሱ ነው።

ሚሚ፦ እና እኔ ያን ማታ ስልኬ ላይ ሳየው፣ ይሄ ሰውዬ ጋዜጠኛ ነው ወይስ ደጋፊ አልኩ። የራሱ ቡድን አሸነፈ፣ አለቀሰ። ምን አዲስ ነገር አለው?

አቡሽ፦ እሱ ላይ ነው የምንጣላው። ያለቀሰው ስላሸነፉ አይደለም። ሲያወራ የነበረው ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ራያን ዴይ ነው። ሰውዬው በዚያ ዓመት ስለተሸከመው ነገር።

ሚሚ፦ እንግዲያው ከሚሺጋኑ ቀን ጀምር። ያን ቀን እኔም አለሁበት።

አቡሽ፦ ኖቬምበር 30፣ 2024። እዚሁ ኮሎምበስ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም። ሚሺጋን፣ የዘመናት ተቀናቃኛችን፣ በዚያ ዓመት ደካማ ነው። ስድስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ነው የመጣው። ቁማርተኞቹ ኦሃዮ ስቴት በሃያ ነጥብ ገደማ ያሸንፋል ብለው ነበር። የሚሺጋን ኳርተርባክ ቀኑን ሙሉ ወርውሮ ያስገኘው 62 ያርድ፣ ማለትም ስድሳ ሜትር የማይሞላ፣ ብቻ ነው። እሱም ሁለቴ ኳስ አስነጥቋል። እና አሸነፉ! 13 ለ 10። ሊያልቅ 45 ሴኮንድ ሲቀረው በእግር መትተው።

ሚሚ፦ እኔ መኪናዬን ይዤ ሌን አቬኑ አካባቢ ነበርኩ። የጨዋታ ቀን ሥራ አለ ብዬ። ብርዱ ለጉድ ነው። አንድ አባትና ልጁ ገቡ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጉንጩ ላይ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ በእንባ ወርዷል። አባትየው ቀበቶውን አሰረ፣ በመስኮት ማየት ጀመረ። ትንፍሽ የለም። ሬዲዮ ልክፈት ብዬ ተውኩት። ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ልጁ፣ "አባዬ፣ አሰልጣኙን ያባርሩታል?" አለ። አባትየው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተስፋ አደርጋለሁ።"

አቡሽ፦ እ... እሱ እንኳን...

ሚሚ፦ ምን?

አቡሽ፦ ምንም። እኔም ያን ማታ "አባሩት" ብዬ ጽፌያለሁ።

ሚሚ፦ አንተ?! ይሄንን እስካሁን ደብቀኸኝ!

አቡሽ፦ በኋላ አጠፋሁት። የቴክሳስን ጨዋታ ሲያሸንፉ።

ሚሚ፦ አድማጮች፣ እብድ ደጋፊ ማለት ይሄ ነው። ሸሚዝ አያጥብም፣ ሰው ያባርራል።

አቡሽ፦ ኸርብስትሪትም እንዲህ ዓይነቶቹን ነው በአየር ላይ ልክ ልካቸውን የነገራቸው። ያበዱ ጠርዘኞች ብሎ። እውነቱን ነው። የራያን ዴይ ባለቤት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ማስፈራሪያ ይደርሳቸው እንደነበር ተናግራለች። ቤታቸውን ጠባቂ ነው የጠበቀው። ልጆች ያሉበት ቤት። ሰውዬው ደግሞ አባቱን ራሱን በማጥፋት ያጣ ነው፣ በስምንት ዓመቱ። እሱና ባለቤቱ በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

ሚሚ፦ እሺ፣ ለአሰልጣኙ አንጀት መብላት አለ። እኔም በላኝ። ግን ኸርብስትሪትን ከሌላው ኮሜንታተር ምን ይለየዋል? ሁሉም እኮ "ምስኪን" ማለት ይችላል።

አቡሽ፦ ሱሪው።

ሚሚ፦ የምን ሱሪ?

አቡሽ፦ የወርቅ ሱሪ። ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች አንድ ትንሽዬ የወርቅ ሱሪ ይሸለማል። የጥፍር ያህል ናት። ሐብል ላይ የምትንጠለጠል፣ ዓመተ ምሕረቱና ውጤቱ የተጻፈባት። በ1934 ፍራንሲስ ሽሚት የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ሚሺጋንን ትፈራለህ ወይ ሲሉት፣ እነሱም እንደኛ ሱሪያቸውን በአንድ በአንድ እግር ነው የሚያጠልቁት አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ሚሚ፦ ጥሩ ተናገረ። ታዲያ ኸርብስትሪት ስንት ሱሪ አለው?

አቡሽ፦ አንድም የለውም።

ሚሚ፦ አንድም?

አቡሽ፦ ከ1988 ጀምሮ አምስት ዓመት ቡድኑ ውስጥ ነበር። ሚሺጋን በ88 አሸነፈ፣ በ89 አሸነፈ፣ በ90፣ በ91። ኸርብስትሪት ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው፣ በ1992። ካፒቴንም ነበር። አባቱ ጂም ኸርብስትሪትም በ1960 የዚሁ ቡድን ካፒቴን ነበሩ። እስቲ አስቢው፣ አባትሽ ካፒቴን የነበሩበት ሜዳ ላይ አንቺም ካፒቴን ሆነሽ፣ የቀረሽ አንድ ዕድል ብቻ። ሚሺጋን 13 ለ 3 ይመራ ነበር። ኸርብስትሪት ታችዳውን፣ ማለት ኳሱ ሜዳው ጫፍ ሲገባ የሚገኘውን ትልቁን ነጥብ፣ ወረወረ። ከዚያ ኦሃዮ ስቴቶች በእግር መትተው አቻ ሆኑ። 13 ለ 13። ያኔ የኮሌጅ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት የለውም። አቻ ከሆነ አቻ ነው፣ ወደ ቤት።

ሚሚ፦ አቻ ሱሪ አያሰጥም?

አቡሽ፦ አያሰጥም። የዩኒቨርሲቲው የያኔው ፕሬዚዳንት ጎርደን ጊ ግን ይህ አቻ ከታላላቅ ድሎቻችን አንዱ ነው ብለው እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል።

ሚሚ፦ ምን ያድርጉ? አራት ዓመት ለተገረፈ ሰው አቻም ሠርግ ነው።

አቡሽ፦ አሁን ወደ 2024 ነይ። የዚያ ዓመት ተመራቂዎች፣ እነ ጃክ ሶየር፣ በ2021 የገቡ ልጆች ናቸው። ሶየር የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ለነሱም ሚሺጋን አራቱንም ዓመት አሸነፈባቸው። አንድ ሱሪ የላቸውም። ኸርብስትሪት እነዚያን ልጆች ሲያይ የሚያየው ራሱን ነው የምልሽ ለዚህ ነው። ልዩነቱ፣ በእሱ ጊዜ ከሚሺጋን በኋላ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። እሱንም በጆርጂያ 21 ለ 14 ተሸነፉ። አለቀ። እነዚህኞቹ ግን በዚያው ዓመት አዲስ ደንብ መጣላቸው። አሥራ ሁለት ቡድን የሚገባበት ጥሎ ማለፍ። በድሮው ደንብ ቢሆን ቤታቸው ነበሩ።

ሚሚ፦ ማለት ደንቡ አዳናቸው?

አቡሽ፦ ደንቡ በር ከፈተላቸው። ስምንተኛ ሆነው ገቡ። ቴነሲን እዚሁ 42 ለ 17። የሚገርመው ያን ማታ ስታዲየሙ ግማሹ ብርቱካናማ ነበር የሚመስለው። የኛ ሰው አኩርፎ ትኬቱን ለቴነሲ ደጋፊ ሸጦታል።

ሚሚ፦ አንተስ ነበርክ?

አቡሽ፦ ...ሥራ ነበረኝ።

ሚሚ፦ አኩርፈህ ነው።

አቡሽ፦ አኩርፌ ነው። ከዚያ ኦሪገን። ኦክቶበር ላይ 32 ለ 31 ያሸነፈን ኦሪገን። ጃንዋሪ 1 ካሊፎርኒያ ላይ ሁለተኛው ሩብ ሳያልቅ 34 ለ 0 እየመራን ነበር። 41 ለ 21 አለቀ። እሱን በፍጥነት ልለፈው፣ ምክንያቱም የቴክሳሱን ማውራት ነው የምፈልገው።

ሚሚ፦ ጽሑፍህን ያጠፋህበትን ጨዋታ።

አቡሽ፦ 21 ለ 14 እየመራን ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ቴክሳስ ከጎል መስመራችን አንድ ያርድ ላይ ደርሷል። አንድ ያርድ ማለት ከዚህ እስከ በሩ አይሞላም። አራት ሙከራ አላቸው። አንዱን ወደ ጎን ሲሮጡ ሰባት ያርድ ወደ ኋላ ተመለሱ። አራተኛው ላይ ኳርተርባካቸው ክዊን ኢወርስ ሊወረውር ሲል ሶየር ደረሰበት። ኳሱን መታው፣ ራሱ አነሳው፣ ሮጠ። 83 ያርድ! ሰውዬው ግዙፍ ነው፣ ሯጭ አይደለም። መጨረሻ ላይ እግሩ እየከዳው ነው የደረሰው። እኔ ሶፋው ላይ ቆሜያለሁ።

ሚሚ፦ ታች ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ ጣራዋን ስትደበድብ ትዝ ይለኛል።

አቡሽ፦ ይሄን ስሚ ደግሞ። ኢወርስ በ2021 ኦሃዮ ስቴት ነበር። የሶየር የክፍል ጓደኛ፣ አብረው የኖሩ።

ሚሚ፦ ወይኔ! አብሮ የበላ...

አቡሽ፦ አዎ። ፍጻሜው አትላንታ፣ ጃንዋሪ 20፣ ከኖትር ዳም ጋር። የኛው ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ነው። ከካንሳስ ስቴት የመጣ፣ ሚሺጋን ላይ ሁለቴ ኳስ አስነጥቆ የተሰደበው ልጅ። ያን ማታ የመጀመሪያዎቹን 13 ውርወራዎች አንዱንም አልሳተም። 31 ለ 7 ከመራን በኋላ ግን 31 ለ 23 መጡብን። ሦስተኛ ሙከራ፣ ኳሱን ላለማጣት 11 ያርድ ይቀራል። ሁሉም ሰው ሮጠው ሰዓት ይገድላሉ ሲል፣ ሃዋርድ ለጄረማያ ስሚዝ በረጅሙ ጣለለት። 56 ያርድ። 34 ለ 23 አለቀ። ከዚያ ነው የኸርብስትሪት ድምፅ የተቆረጠው።

ሚሚ፦ አሁን ትንሽ ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልበልህ። በዚያው ቡድን ላይ የወጣው ብር 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው ያሉት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። ለኮሌጅ ልጆች! ኸርብስትሪት በ92 ሲጫወት አንድ ሳንቲም አልተከፈለውም። በሃያ ሚሊዮን የተሰበሰበ ቡድን ባያሸንፍ ነበር ማልቀስ የሚገባው።

አቡሽ፦ እሱን አልከራከርሽም። ሰዉም አሰልጣኙ ላይ የጨከነው ለዚህ ነው። ግን ብሩ የተሸነፈን ልጅ ከመሸማቀቅ አያድነውም።

ሚሚ፦ ይሁን። ሌላው ደግሞ፣ ኮሎምበስን እንዲህ የሚወድ ከሆነ ለምን ጥሎ ወደ ናሽቪል ሄደ?

አቡሽ፦ እዚሁ ነበር እኮ። በ2011 ነው ቤተሰቡን ይዞ የሄደው። ከጥቂት ደጋፊዎች የተነሣ። ኦሃዮ ስቴት ሲያጠፋ አጠፋ ይላል፣ ያኔ ከሃዲ ነው። የሌላ ቡድን ደጋፊ ደግሞ ለኦሃዮ ስቴት ታዳላለህ ይለዋል።

ሚሚ፦ ሽማግሌ መሆን እኮ ነው። የሙሽራው ወገን ለሴቷ ዘመድ ነህ ይሉሃል፣ የሴቷ ወገን ደግሞ ከሙሽራው ብር በልተሃል። የአክስታችን ባል ሦስት ጋብቻ አስታርቀው ሦስቱም ቤት ቡና አይጠጡም።

አቡሽ፦ በ2024 ደግሞ ኖቬምበር ላይ ውሻው ሞተበት። ቤን። ጨዋታ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄድ የነበረው ውሻ። በካንሰር።

ሚሚ፦ እሱን ቀድመህ ብትነግረኝ ገና ከመጀመሪያው ለሰውዬው እፈርድለት ነበር።

አቡሽ፦ አውቄ ነው ያቆየሁት።

ሚሚ፦ እኔም አንድ ነገር ልናገር። እዚህ አገር የመጣሁ የመጀመሪያው ዓመት፣ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳልፍ ሕንፃው ላይ፣ ምልክቱ ላይ፣ ፊደሎች በቀይ ፕላስተር ተሰርዘዋል። ጥገና መስሎኝ። ለካ የሚሺጋን ሳምንት ሲደርስ "ኤም" የሚባለውን ፊደል ካገኙበት ሁሉ ይሰርዙታል። የእኔ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለት ኤም ነው ያለው።

አቡሽ፦ በዚያ ሳምንት "ኢኢ" ነሽ።

ሚሚ፦ ሂድ ወዲያ።

አቡሽ፦ የመጨረሻውን ልንገርሽ? ኸርብስትሪት አራት ወንዶች ልጆች አሉት። ትንሹ ቼዝ ይባላል። እሱም እንደ አባቱ ኳርተርባክ ነው። በ2025 ኮሌጅ ገባ። የት የገባ ይመስልሻል?

ሚሚ፦ እንዳትለኝ።

አቡሽ፦ ሚሺጋን።

ሚሚ፦ በስመ አብ! አያትየው ካፒቴን፣ አባትየው ካፒቴን፣ ልጁ...

አቡሽ፦ ልጁ ሰማያዊ ለባሽ።

ሚሚ፦ ታዲያ አባት ያን ሳምንት ምን ይሆናል? ለማን ይጸልያል?

አቡሽ፦ እኔ እንጃ። ማይኩን ይይዛል።

ሚሚ፦ ልጁ እንግዲህ የወርቅ ሱሪ አያይም።

አቡሽ፦ አባቱስ መቼ አየ?

ሚሚ፦ ...እሺ። ቀጣዩ የኮሎምበስ ጨዋታ ሲደርስ እኔ መኪናዬን ይዤ ሌን አቬኑ እገኛለሁ። አቡሽ፣ እስከዚያ ያንን ነገር አውልቀህ ስጠኝ። ማጠቢያው ባዶ ነው።

አቡሽ፦ ከጨዋታው በኋላ።